ሕዝብ፦ አንድ ሰው

ሐሙስ ነው። ዝናቡ ከባሕሩ ተነሥቶ አግድም ይመጣል፤
የባሊሮን ምክር ቤት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ኮቱን ሰቅሎ ይቀመጣል።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍሁ፤
ሰው ሦስት ሰዓት የተናገረውን በሦስት መስመር ቀበርሁ።

አጀንዳ አንድ፦ ከወደቡ ጫፍ የሚሠራው መጸዳጃ።
አጀንዳ ሁለት፦ ስለ አጀንዳ አንድ የቀረበ ማስረጃ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ
ስንከራከር፣ ስንበተን፣ በሳምንቱ ስንሰበሰብ።
ከደብሊን የመጣ አጥኚ አንድ ቀን ውሎ፣ ሁለት ምሳ በልቶ
«መጸዳጃ ያስፈልጋል» አለ፣ በአርባ ገጽ አብራርቶ።
ውሃ ወቅጠን እንቦጭ ሲል፣ «እድገት ነው» ብለን አስመዘገብን፤
ለወቀጣው አበል ጠየቅን፤ ለእንቦጩም ኮሚቴ ሰየምን።

አቶ ፊንታን ጌራቲ ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«ነፋሱ ከምዕራብ ነው» አሉ፤ እንዲጻፍላቸው ፈለጉ።
ወይዘሮ ዴርቭላ ክዊልቲ፦ «እኔ ነፋሱን አልቃወምም፤
ግን ማን ጋበዘው? በጀቱስ? ነገሩ እኮ አልገባኝም።»
ጻፍሁት። ነፋሱ ግን ሳይጋበዝ በመስኮቱ ሽንቁር ገብቶ
ወረቀቱን በተነው፣ ከሁላችን ቀድሞ ድምፅ ሰጥቶ።

ረቡዕ ረቡዕ ጋዜጣችን፣ «የወደብ ድምፅ»፣ ይወጣል፤
ዓሣ ይጠቀለልበታል፤ አንዳንዴም ይነበባል።
ኑዋላ ታንሲ አዘጋጅ ናት፤ ዘጋቢም፣ ፎቶ አንሺም፤
ስለ ሞተ ሰው ክፉ አትጽፍም፣ ማስታወቂያ ስለሚከፍል ነጋዴም።
ነሐሴ ላይ ጉድ ሆነች፦ በጥድፊያ፣ በሌሊት ሥራ፣
የአቶ ፊንታን ፎቶ ተሳከረ ከተሸላሚው በግ ጋራ።
በበጉ ሥር፦ «ለሦስተኛ ዙር ሊወዳደሩ ቆርጠዋል።»
በአቶ ፊንታን ሥር፦ «ጥርሱ ሙሉ፤ በዘጠኝ መቶ ዩሮ ተሽጧል።»
በሳምንቱ እርማት ወጣ፤ አራት መስመር፣ ከአየር ትንበያው በታች፦
«የበጉን ባለቤት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብላ ኑዋላ ጻፈች።
ፊንታን ቅር አላላቸውም፤ ድምፃቸው በዚያ ዓመት ጨመረ፤
በጉም ሳይመዘገብ አርባ ሦስት አገኘ፤ ቆጠርሁ፣ እውነት ነበረ።

እሑድ ማታ ግን ሌላ ነው። እሑድ ቴሌቪዥኑ ይጨፍራል፤
ከተማው መጋረጃውን ዘግቶ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ይነከራል።
የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ፣ ሶርኻ፣ ከፍጻሜው ደርሳለች፤
በቦቲ ያደገ እግሯን በብልጭልጭ ጫማ ታሾራለች።
አራት ዳኞች ቁጥር ያነሣሉ፤ አንዱ መርዝ ነው ምላሱ፤
(እሱስ ለክፋቱ ይከፈለዋል፤ የእኛዎቹ በነጻ ነው የሚናከሱ።)
ለምክር ቤት ምርጫ ከመቶው ሠላሳ አንድ ሰው ወጣ፤
ለሶርኻ ያልደወለ ቢኖር፣ ወይ ሞቷል ወይ ስልክ አጣ።
አባ ማላኪ እንኳ ስብከታቸውን አሳጥረው
ሰባቴ ደወልሁ አሉ፤ ስምንተኛውን ሰማሁት በግድግዳው።

የፍጻሜው ዕለት ሐሙስ ዋለ።
«ይህ ጉዳይ ጥልቅ ጥናት ይሻል» ብለው ፊንታን ሰዓት አዩ፤
«እደግፋለሁ!» አሉ ዴርቭላ፤ በአሥራ አንድ ዓመት አንዴ ሳይለያዩ።
ዘጠኙም ለኮታቸው ተጋፉ። የአንዱ ጃንጥላ ቀረ።

ሶርኻ ሁለተኛ ወጣች። ጋዜጣው «ተዘረፍን!» አለ በፊት ገጹ፤
መጸዳጃው ገጽ አሥራ አራት ላይ ነበር፣ ከሚሸጥ ትራክተር ሥር።

አንድ ነገር ረሳሁ። በቅጹ ግርጌ፣ ከፊርማው በላይ፣
«የተገኘ ሕዝብ ብዛት» ይላል፤ ሁሌም «አንድ» ነው ሲታይ።
ኮልማን ሄሰን ነው፤ ሰማንያ ዓመቱ፣ ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግን፤
ከኋላ ወንበር፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ የሚሰማን።
ኑዋላ ጽፋለታለች፦ «የዴሞክራሲ ዘብ፤ አንድ ቀን ያልቀረ።»
በዚያች ማታ መብራት ሳጠፋ፣ ብቻውን ተቀምጦ ነበረ።
«ሂድ እንጂ ኮልማን» አልሁት፣ «ጭፈራው እኮ ተጀመረ።»
ተነሣ። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ወደ ጠባቧ በር አመራ፤
«ለክርክራችሁ መሰለህ?» አለኝ፤ «ከወደቡ እስከዚህ ሌላ የለም ስፍራ።»

ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። ቆቡን ደፋ፤ «ደህና እደር» ብሎኝ ወጣ።
እኔም ብዕሬን ከፈትሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ እውነት መጣ፦
«ሕዝብ፦ አንድ ሰው። ጉዳዩን ጨርሶ ሄዷል።»